ሰው የሚመርጥ ማር

መምህርት ሰላማዊት በመምህራን ክፍል ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ፊቷ በገዛ ነጠላዋ ተሸፍኗል። ኢንስፔክተር ሙሉእመቤት ተንበርክካ ነጠላውን ገለጠችው። የሟቿ ከንፈር አብጦ ተገልብጧል፤ የዐይኖቿ ቆብ ተነፍቶ ሽፋሽፍቷን ውጦታል፤ አንገቷ ላይ ደግሞ የራሷ ጥፍር የቧጠጠው ሰንበር አለ። ትንፋሽ ሲጠፋው የሚፍጨረጨር ሰው ጥፍር ነው። ክንዷ ሳማ የለበለበው ይመስል ትልልቅ እብጠት ወጥቶበታል።

«ያው የልጆቹ በሽታ ነው፤ ነፍሷን ይማር» አለ ከኋላዋ የቆመው ሰው።

«ልጆቹ ታመዋል እንዴ?»

ሰውየው ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «ታመዋል እንኳ አይባልም። አንዳንዱን ምች መታው፤ አንዳንዱን ቶንሲል ያዘው። የኅዳር ብርድ ነው እንጂ በትምህርት ቤታችን በሽታ የሚባል ነገር የለም።»

«እንግዲያው መምህርቷን የገደላት የሌለ በሽታ ነዋ» አለችና ነጠላውን መልሳ ሸፈነች።

ሰውየው ይሻው ይባላል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የግል ትምህርት ቤት ባለቤትም ዳይሬክተርም እሱ ነው። ደርግ ወድቆ የግል ትምህርት ቤት ሲፈቀድ በአንድ የጭቃ ቤት ጀመረ፤ አሁን ፎቅ ሠርቷል። ፎቁ በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ ባለሥልጣናት በተገኙበት ሊመረቅ ነው። አስከሬኑ ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ፣ በመስኮቱ በኩል ድንኳን ተካዮች እየተቃለዱ ገመድ ሲወጥሩ ይታያሉ። «አቁሙ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ሙሉእመቤት ይህንንም አየች። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ቀጠን ያለች ረዥም ሴት ናት። በዞኑ ፖሊስ ስሟ የታወቀው በቁጣዋ አይደለም። ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ ትንቃለች። የቀመሱት ሲናገሩ ንቀቷ ከጥፊ ይብሳል ይላሉ።

ጠረጴዛው ላይ የማር ጠርሙስና አንድ ማንኪያ ነበር። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዘንብላ አየችው። ነጩ ማር ውስጥ የተወቀጠ ፌጦ ተደባልቆበታል። ጉሮሮው ለከረከረው ሰው የሚሰጥ ነው።

«ይህን ማን ሰጣት?»

«ደብተራው ነዋ!» አለ ይሻው፣ የሚያላክክበት ሰው በማግኘቱ ፊቱ እየፈካ። «መሪጌታ ምሕረትአብ የሚሉት፣ እዚህ አጥራችን ጥግ ያለው ደብር ቅኔ የሚያስተምረው። ‹በሽታው ከእናንተ ግቢ ነው ወደ ተማሪዎቼ የተሻገረው› እያለ ስማችንን ሲያጠፋ ነው የከረመው። ከመስቀል ወዲህ በራችንን እንዳይረግጥ አግጃለሁ፤ ለዘበኛውም ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ። አንዲት እርምጃ አልገባም።»

«ቅድም በበሽታ ሞተች አሉኝ። አሁን መሪጌታው ገደላት ነው?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ኢንስፔክተር።»

«አቶ ይሻው፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ ድምር ያውቃሉ። ሁለት ውሸት ሲደመር እውነት አይሆንም።»

ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠራች። እቴነሽ ትባላለች፤ ዐይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ገባች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያየኋት። በእቅፌ ነው ያረፈችው።»

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ገባሁ። ድምፅዋ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እነዚያ ሕፃናት ሲታመሙ ስትጮህ፣ ስታባብል ጉሮሮዋ ተላጠ። ማሩን ከፍታ ‹ነይ እቴነሽ፣ ቅመሺ› ብላ አንድ ማንኪያ አጎረሰችኝ። ሲፋጅ! ፌጦው አፍንጫዬ ድረስ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ መረረኝ። ‹ምን ዓይነት ማር ነው የሚመር?› ስላት ‹የኔታ ናቸው የላኩልኝ፤ ለመድኃኒት ፊት አይጠቆርም› ብላ እየሳቀች ደህና አድርጋ በላችው።»

«ከዚያስ?»

«ደጁን ጠርጌ ስመለስ ገላዋን ታካለች። ፊቷ ተነፍቷል። ‹ትንፋሼ…› ብላ አንገቷን ያዘች። ሮጬ ሙላቴን ጠራሁት፤ ልጆቹን መርፌ ሊወጋ እዚሁ ግቢ ነበር። መጥቶ በር ላይ ቆሞ አያትና ‹ትኩሳቱ ነው፣ አትጠጓት› ብሎ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሄደ። ሄደ፣ እትዬ! እንደ ውሻ ጥሏት ሄደ።»

«አንቺንስ ማሩ ምንም አላደረገሽም?»

«ምንም። ሆዴን እንኳ አልቆረጠኝም።»

ሙሉእመቤት ጠርሙሱን እንደገና አየችው። አንድ ማር፣ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ሴቶች፤ አንዷ ሞተች፣ አንዷ ቆማ ታለቅሳለች። ይሻው ቢሆን ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ማሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ይደመድም ነበር። እሷ ግን የሰነፍ መደምደሚያ አትወድም።

ሙላቴ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነው። ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ከፍቷል፤ ሰው «ዶክተር» ሲለው «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። የቆርቆሮ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ልጆቹን ምን ትወጋቸዋለህ?»

«ፔኒሲሊን ነዋ። ምርጡን።»

«ይድናሉ?»

«አንዱ ይፈጥናል፤ አንዱ ይዘገያል። እንደ ሰውነታቸው ነው።»

«መምህርቷን ስታያት ለምን ሸሸህ?»

«አልሸሸሁም። ሌሎች ሕሙማን ይጠብቁኝ ነበር።»

«ጎበዝ» አለችው። «ከምትሞተዋ ይልቅ የማይድኑት በለጡብህ።»

ወደ ሰላማዊት ክፍል ሄደች። ልጆቹ ገና ወደ ቤታቸው አልተለቀቁም፤ መምህርታቸው መሞቷን የነገራቸውም የለም። ግማሾቹ አግዳሚው ላይ ተደፍተዋል። ጉንጫቸው በርበሬ መስሏል፤ ከአፋቸው ዙሪያ ግን ገርጥቷል። የአንዱን ምላስ አስወጥታ ብታየው እንደ እንጆሪ ቀልቶ ተነጣጥቧል። ክንዱን ስትዳስሰው ቆዳው አሸዋ የተረጨበት ይመስል ሻከራት። አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ለመሄድ ሁለት ጊዜ አረፈች፤ ልቧ በሹራቧ ላይ ሲዘል ይታያል። ሙላቴ ያልወጋው ማን እንደሆነ ብትጠይቅ ሁሉም «ወግቶኛል» አሉ።

አንዲት ልጅ ብቻ ዝም አለች። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ጸጉሯ በሪባን የታሰረ፣ ዐይኖቿ ንቁ የሆኑ ልጅ ናት። ሙሉእመቤት እጇን ያዝ አደረገች። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተልጦ ተልጦ ነበር።

«ስምሽ ማን ነው፣ የኔ እናት?»

«ትንሣኤ ይሻው።»

«ታመሽ ነበር?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። «እማዬ አልታመምሽም ብላኛለች።»

«ሙላቴስ ወግቶሽ ነበር?»

«እኔን አይወጋኝም።»

የትንሣኤ እናት፣ የይሻው ባለቤት፣ ወይዘሮ አልማዝ ትባላለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ለሟቿ ወግ ያለው ሐዘን ያሳየች እሷ ብቻ ነበረች። ነጠላውን ያለበሰቻት እሷ ናት፤ ወደ እብናት ለእናቷ መልእክት የላከችውም እሷ።

«እንደ እህቴ ነበረች» አለች፣ በመሐረብ ዐይኗን እየነካች። «ለልጆቹ ስትል ራሷን ጎዳች። እኔም በየጠዋቱ፣ በየማታው በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹን የምቀበልና የምሸኝ ሰው ነኝና ድካሟን አያለሁ።»

«ይህን ማር አይተውታል?»

«ኧረ በጭራሽ! ያ ደብተራ ራሱ በእጇ ሰጥቷት ይሆናል።»

«የእርስዎ ልጅ ደህና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሙሉእመቤት መሐረቡን አየችው፤ ደረቅ ነው። ቢሆንም በደረቅ መሐረብ ሰው አይታሰርም። የኀዘን ወጉን የሚያሳምር፣ ኀዘኑ ግን የሌለበት ሰው በአገሩ ሞልቷል።

መሪጌታ ምሕረትአብን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ከተማሪዎቻቸው ጎጆ ፊት ለፊት አገኘቻቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ሰው ሲመጣ በእግሩ ኮቴ ነው የሚለዩት። ጎጆው ውስጥ የታመሙ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው ተኝተዋል።

«ሞተች አሉኝ» አሉ መሪጌታ። «ያቺ ልጅ በየማታው እየመጣች የነዚህን ምስኪኖች ጉሮሮ ታይ ነበር። እንጥላቸውን ላስቆርጥ ብል ‹የኔታ፣ ተዉ፣ ደም ታፈሳላችሁ እንጂ በሽታው አይሄድም› ብላ ከለከለችኝ። ሰኞ ጤና መምሪያ ሄጄ ሐኪም አመጣለሁ ብላኝ ነበር።»

«ማሩን የላኩት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከገዛ ቀፎዬ የቆረጥሁት ነጭ ማር። ትናንት ልጆች ሲለቀቁ ይዤ ሄድሁ።»

«ፌጦውንስ ማን ወቀጠልዎ?»

«የምን ፌጦ? ነጭ ማር በፌጦ የሚያበላሽ ሰው አለ? አንድ ጣት ቀምሼ፣ ጣፍጦኝ ነው የላክሁት።»

«ለማን ሰጡት?»

«መግባት ተከልክያለሁ፤ ዐይኔም ሰው አይለይ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ‹ይስጡኝ አባቴ፣ አደርስልዎታለሁ› ብላ ተቀበለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ትሕትናዋ ደስ አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። አስከሬኑን የመረመረው ዶክተር ካሳሁን እጁን እየታጠበ ተቀበላት።

«የልጆቹን በሽታ ነግረሽኛል» አላት። «ቀይ ትኩሳት ነው። ከጉሮሮ ይነሣል፤ በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። በጊዜው ፔኒሲሊን ካገኘ ቀላል ነው። ካላገኘ ልብ ያበላሻል። ቶሎ ይደክማታል ያልሽኝ ልጅ ነገር አሳስቦኛል። መምህርቷ ግን በሱ አልሞተችም። ሰውነቷ የማይስማማው ነገር ገብቶባት ጉሮሮዋ ተዘግቷል።»

«ሌላ ሰው በልቶት ምንም የማይሆነው ነገር?»

«አዎ። አንዱን ንብ ትገድለዋለች፤ አንዱን ኦቾሎኒ፤ አንዱን…»

«ልጄን ፔኒሲሊን ነው የሚጠላት» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ቆማለች። የሟቿ እናት የሺ ናት፤ ከእብናት በእህል መኪና ተሳፍራ መምጣቷ ነው። «ሕፃን ሳለች አንድ መርፌ ወጓትና ፊቷ ተነፍቶ ትንፋሿ ቆመ። በስለት ነው የተመለሰችልኝ። ‹ፔኒሲሊን ዳግመኛ ከነካት ትሞታለች› ብለው ሐኪሞቹ አስጠነቀቁኝ። እሷም ይህንን ታውቅ ነበር፤ እንዴት ሆኖ ነካት?»

ዶክተሩና ኢንስፔክተሯ ተያዩ።

ሙሉእመቤት እቴነሽን ድጋሚ አገኘቻት። «ሰላማዊት ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ለሰው ተናግራ ታውቃለች?»

«በሰው ፊት ነው እንጂ የተናገረችው! ሙላቴ መምህራኑን ሁሉ ልውጋ ብሎ የመጣ ጊዜ እጇን ሰብስባ ‹እኔን ከወጋኸኝ ትቀብረኛለህ› አለችው። እነ አቶ ይሻውም፣ ወይዘሮ አልማዝም ነበሩ። ሳቁባት እንጂ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበች። ይሻው የምረቃውን ልብስ ለብሶ መጥቷል፤ ምናልባት ነገሩ ፈጥኖ ካለቀ ብሎ ይሆናል። አልማዝ ከጎኑ ተቀመጠች። ሙላቴ በሩ አጠገብ፣ መሪጌታ በግድግዳው ጥግ፣ እቴነሽና የሺ ጎን ለጎን፣ ዶክተር ካሳሁን መስኮቱ ሥር።

«ይህ ሰው ምን ይሠራል እዚህ?» አለ ይሻው፣ ወደ መሪጌታ እያመለከተ።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው። መውጣት ከፈለጉ እርስዎ ይወጡ ይሆናል እንጂ እሳቸው አይወጡም።»

ከዚያ ቆማ ጀመረች።

«መምህርት ሰላማዊት የሞተችው በቀይ ትኩሳት አይደለም። ፔኒሲሊን ማር ውስጥ ገብቶ ነው የገደላት። እቴነሽ ከዚያው ማር በልታለች፤ መሮኛል ከማለት በቀር ምንም አልሆነችም፤ ምክንያቱም ይህ መርዝ ሰው ይመርጣል። ያዘጋጀው ሰው እንግዲህ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሰላማዊት ‹ትቀብረኛለህ› ስትል ክፍሉ ውስጥ የነበረ ነው። አሁን፣ በዚህ ግቢ ፔኒሲሊን ያለው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሙላቴ ዞሩ።

«ምክንያትም አለህ» አለችው። «የወጋሃቸው ልጆች አይድኑም፤ እሷ ይህን አይታለች። ሰኞ ጤና መምሪያ ብትደርስ ክሊኒክህ ይዘጋ ነበር። መድኃኒቱ የአንተ ነው፤ የመግደል ምክንያት ያለህም አንተ ነህ። ተነሥ፣ እጅህን አምጣ።»

«የኔ አይደለም!» ሙላቴ ሳጥኑን አቅፎ ተነሣ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «የኔ ፔኒሲሊን ማንንም አይገድልም!»

«እንደማይገድል በምን አወቅህ?»

«አይችልማ!»

«ለምን?»

«ፔኒሲሊን የለበትማ! ግሉኮስ ነው! ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰብሁ ግሉኮስ ነው የሞላሁት… አልጎዳኋቸውም፤ ግሉኮስ ማንን ይጎዳል?»

ዶክተር ካሳሁን ከመስኮቱ ሥር ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ልባቸውን ነው ያስበላኸው! ያ ቀን ሁሉ በከንቱ ሲያልፍ ልባቸው እየተበላ ነበር፣ አንተ…» ብሎ ወደ ሙላቴ ተንደረደረ።

«ይቀመጡ፣ ዶክተር» አለች ሙሉእመቤት። «አሁን አምነዋለሁ። ከነፍስ ግድያ ለማምለጥ ወደዚህ ጉድጓድ የዘለለ ሰው እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው እውነት የሚናገረው ቆዳው ሲቃጠል ብቻ ነው። እንግዲያው ጥያቄው ተለወጠ። እውነተኛ ፔኒሲሊን የነበረው ማን ነው?»

ወደ ይሻው ዞረች። «ልጅህ መቼ ነው የታመመችው?» አለች። ‹እርስዎ›ን ከአፏ መጣሏን ሁሉም ሰማ።

«ልጄ አልታመመችም!»

«ዶክተር፣ ቀይ ትኩሳት ያለፈለት ልጅ በምን ይታወቃል?»

«ሽፍታው ከጠፋ በኋላ የጣቶቹ ጫፍ ይላጣል።»

«የትንሣኤ ጣቶች ተልጠዋል። ክፍሉ ሙሉ በትኩሳት ሲቃጠል እሷ ሪባን አስራ ፊት ወንበር ላይ ትጫወታለች፤ ሙላቴም ወግቷት አያውቅም። ለምን? እናንተ መድኃኒቱ ባዶ መሆኑን ታውቁ ነበርና። የሰው ልጆች ግሉኮስ እንዲወጉ ፈቅዳችሁ ለልጃችሁ እውነተኛውን ገዛችሁ። ከባሕር ዳር ይሁን ከጎንደር ግድ የለኝም።»

«አሞክሳሲሊን ይሆናል» አለ ዶክተሩ። «ካፕሱል ነው። የፔኒሲሊን ወንድም። ዱቄቱ መራራ ነው።»

«መራራ» አለች ሙሉእመቤት። «ለዚህ ነው ፌጦው። የኔታ ማሩን ሲልኩ ጣፋጭ ነበር፤ ፌጦም አልነበረበትም። ይህ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ይፋጅ ነበር፣ ይመርም ነበር። ማሩ በመካከል አንድ ሰው ቤት አድሯል። የኔታ ከበሩ አልፈው እንደማይገቡ አቶ ይሻው ራሱ በኩራት ነግሮኛል። ስለዚህ ማሩን በሩ ላይ የተቀበለ እጅ አለ፤ የሴት እጅ። እቴነሽ ከሆነች፣ የሰው መግደያ አዘጋጅታ አንድ ማንኪያ ራሷ የምትጎርስበት ምክንያት የለም፤ ካፕሱልም የምትገዛበት አቅም የላትም። በየማታው በሩ ላይ ቆሜ ልጆች እሸኛለሁ ያለችኝ ደግሞ ሌላ ሴት ናት።»

ይሻው ሚስቱን አየ። ፊቱ ላይ ምን እንደሚሮጥ ማንም ማንበብ ይችላል፤ ያን ያህል ጥልቀት የሌለው ሰው ነው። ምረቃው፣ ፎቁ፣ ባለሥልጣናቱ፣ ራሱ። ሚስቱ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረችም።

«አልማዝ» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «የተረፈውን ካፕሱል ‹ጣልሁት› አላልሽኝም? ጣልሁት ብለሽኛል! እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ኢንስፔክተር፤ እኔ ምንም አላውቅም!»

አልማዝ ቀስ ብላ ተነሣች። መሐረቡን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አንተ ምን ታውቃለህ መቼስ» አለችው። «ይህን ትምህርት ቤት ማን ሠራው? ከረባትህን እንኳ የማስርልህ እኔ ነኝ።»

ከጥጉ መሪጌታ ምሕረትአብ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ድምፅ አልረሳም» አሉ። «‹ይስጡኝ አባቴ› ያለችኝ ይህች ናት።»

«እኔ ነኝ» አለች አልማዝ። ወደ ሙሉእመቤት ዞረች፤ አሁን የሚያስመስል ነገር በፊቷ ላይ አልቀረም። «ምን አደረገችኝ አትይም? የትንሣኤን ጣት አየች። መጥታ ‹ለልጅሽ የሰጠሻትን የት ገዛሽው? ለልጆቼ ልግዛላቸው› አለችኝ። ልጆቼ አለች! አንድ እንኳ ያልወለደች! ሰኞ ሄዳ ስታወራ ‹ባለቤቶቹ ለራሳቸው ልጅ ደህናውን፣ ለኛ ግን ውሃውን› ብሎ አገሩ ሲያወራብን ታየኝ። በሽታስ ይረሳል። ያ አይረሳም።»

«ልክ ነሽ። አይረሳም» አለች ሙሉእመቤት። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የሙላቴን ፔኒሲሊን ማሩ ውስጥ ጨምረሽ ቢሆን ኖሮ ሰላማዊት ዛሬ ጉሮሮዋን አጥርታ ታስተምር ነበር። በዚህ ግቢ ውስጥ ማንንም የማይጎዳ መድኃኒት ሞልቶ፣ አንቺ እውነተኛውን መረጥሽ፤ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ጠንቅቀሽ ታውቂያለሽና። የሰውን ልጆች ለማዳን ያልተጠቀምሽበትን እውቀት ለመግደል ተጠቀምሽበት። ሌላ ማስረጃ ከአንቺ አልፈልግም።»

የሺ ተነሥታ አልማዝ ፊት ቆመች፤ ትመታታለች ብላ እቴነሽ ክንዷን ያዘቻት። የሺ ግን እጇን አላነሣችም። ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና «ደህና ሰው ትመስያለሽ እኮ» አለቻት፣ በመገረም ብቻ። አልማዝ በኢንስፔክተሯ ንግግር ሁሉ ሳትደነግጥ በዚህች ቃል ፊቷን አዞረች።

አልማዝንና ሙላቴን በአንድ መኪና ወሰዷቸው። ይሻው የልጆችን ሕመም በመደበቁ ከሁለት ቀን በኋላ ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜም ሚስቱ እንዴት እንዳታለለችው ብቻ ነበር የሚያወራው። ትንሣኤን አያቷ ወረታ ወሰደቻት። ምረቃው ቀረ፤ ሊመጡ የነበሩት ባለሥልጣናትም ‹ከመጀመሪያውም አልተጋበዝንም› አሉ።

ሰኞ ዕለት ከጤና መምሪያ ሐኪሞች መጡ። የትምህርት ቤቱንም፣ የመሪጌታ ምሕረትአብንም ተማሪዎች በአንድነት ጤና ጣቢያው ደጅ አሰልፈው እውነተኛውን መድኃኒት ሰጧቸው። አብዛኞቹ በሳምንቱ ተነሥተው ሮጡ። ሰሌዳው ድረስ መሄድ ያቃታት ልጅ ግን ልቧ ተጎድቷል፤ ዕድሜዋን ሙሉ በየወሩ መርፌ ልትወጋ፣ ዳገት ስትወጣ ልታርፍ ነው። ዶክተር ካሳሁን ይህን ለሙሉእመቤት ሲነግራት የልጅቷን ስም ጠይቃ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ወር እንዳለፈ አንድ ወላጅ ቢሮዋ መጣ። ከተማው ውስጥ እህል የሚነግድ፣ ልጁ ከዳኑት አንዱ የሆነ፣ ኮቱን በትከሻው ጣል ያደረገ ሰው ነው። ሊያመሰግናት የመጣ መስሏት ወንበር ሰጠችው።

«ኢንስፔክተር፣ ትምህርት ቤቱ መቼ ነው የሚከፈተው?» አላት። «የሆነው ሆኗል፤ ልጆቹ ከሰው ወደ ኋላ ቀሩ። ትምህርቱ እኮ ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ነበር» አለች ሙሉእመቤት። «ልጅህን ማን ነበር የሚያስተምረው?»

«ያቺ… የሞተችው ናታ።»

«ስሟ ማን ነው?»

ሰውየው ኮቱን አስተካከለ። ወደ ጣሪያው አየ። «አንዲት… ከእብናት ነው የመጣችው መሰለኝ። ስሟ እንኳ…»

ሙሉእመቤት ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ሰላማዊት» አለች። «በል።»

«ማለት?»

«በል አልሁህ።»

«ሰላማዊት» አለ ሰውየው፣ ግራ እየተጋባ።

«እንደገና።»